ያልገጠመ ቅልጥም እንደ አዲስ ስብራት አይጻፍም

ሰሞኑን በባሕር ዳር በጤና ባለሙያዎችና በጤና መድን ሠራተኞች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የከረመ ጽሑፍ አለ። የጸሐፊው ስም የለበትም። የሚያወራው ቅልጥሙ ተሰብሮ በወጉ ሳይጠግን የቀረ ሰው ለዳግም ኦፕሬሽን ሲገባ ስለሚመጣበት ሂሳብ ነው። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይኼ ነው፦ አንድ ጊዜ ለተሰበረ እግር ሁለት ጊዜ ማስከፈል ዝርፊያ ነው፤ «አልገጠመም» እና «ተጣሞ ገጠመ» እያሉ መለየት ሂሳብ ለማብዛት የመጣ ዘዴ ነው፤ ከዳሌ ለሚወሰድ አጥንት ገንዘብ መጠየቅ ግፍ ነው፤ ለየሕመሙና ለየሕክምናው የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ኮድ የሚባለው፣ የአሜሪካ ቅንጦት ስለሆነ ለእኛ አይሆንም፤ ወጌሻ ጋ ሄዶ እግሩን ያስበላሸ ሰው ደግሞ ወጪውን ራሱ ይቻል። መፍትሔ ያሉትም አንድ ነገር ነው፦ ካርዱ ላይ «የእግር ስብራት» ብሎ ጽፎ መጨረስ።

ጽሑፉ ለታካሚ ከማሰብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። በየወረፋው ደረሰኝ ይዞ የሚንከራተት አስታማሚ ያየ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው፤ መፍትሔ ያሉት ነገር የሚቆረቆሩለትን ሰው መልሶ ይጎዳዋል። የምሠራው በሕክምና መዝገብና በመድን የክፍያ ጥያቄ ላይ ነው፤ የአሜሪካኖቹን የኮድ አሠራርም ተምሬዋለሁ። ስለዚህ የጸሐፊውን ነጥቦች እየተከተልኩ እመልሳለሁ። ልክ የሆኑበት ቦታ ስላለ እሱንም አልዘለውም።

ከመጀመሪያው ክስ ልነሳ። ስብራቱ አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም። ትኩስ ስብራት የሚከፍት ሐኪም የሚያገኘው ደም ያለውን፣ ለመጠገን የተዘጋጀ አጥንት ነው። ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ በብረት ካጸናው የቀረውን ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። ከዓመት በኋላ ያልገጠመ ቅልጥም የሚከፍት ሐኪም ግን ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ቆዳው ከጠባሳው ጋር ተጣብቋል። በስብራቱ መካከል አጥንት መሆን ሲገባው አጥንት ያልሆነ ጠባሳ ሞልቶበታል። የአጥንቱ የውስጥ ቦይ ተደፍኗል። የቀድሞው ብረት ላልቶ ወይም ተሰብሮ ተቀምጧል። ውስጡ መግል መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ አዲስ ብረት ማስገባት ደግሞ ቁስሉን እንደገና ማመርቀዝ ነው። ሐኪሙ ይህን ሁሉ አጽድቶ፣ የሞተውን ጫፍ ደም እስኪታይበት ድረስ አስወግዶ፣ ቦዩን እንደገና ከፍቶ ነው ትኩሱ ስብራት ወደነበረበት ደረጃ እንኳ የሚደርሰው። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅልጥም ከሌሎች ረጃጅም አጥንቶች ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ከፊት ለፊቱ ቆዳ እንጂ የሚሸፍነው ሥጋ የለም፤ ከጉልበት በታች እጅ ያሳረፈ ሰው አጥንቱን በቀጥታ ይነካዋል። የታችኛው ሲሶ የደም አቅርቦቱ ደካማ ነው። ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል የመታው ሰው አጥንቱ ቆዳውን በጥሶ ለመውጣት ቅርብ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አንዴ አየርና አፈር የገባበት ስብራት ደግሞ የመመርቀዝም ሆነ ያለመግጠም ዕድሉ ይጨምራል።

የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው፣ ሲፒቲ የሚባለው የሕክምና ሥራዎች መዝገብ ይህን ልዩነት በቁጥር ይለየዋል። ትኩስ የቅልጥም አገዳ ስብራት ተከፍቶ ሳህን በሚባለው ዝርግ ብረትና በብሎን ሲታሰር 27758 ነው፤ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ በሚገባ ዘንግ ሲታሰር 27759። ያልገጠመ ወይም ተጣሞ የገጠመ ቅልጥም ሲጠገን ግን ወደ ሌላ ረድፍ ይኬዳል። ተጨማሪ አጥንት ሳይገባ፣ ለምሳሌ ጫፎቹን እርስ በርስ አጥብቆ በማሰር ከተሠራ 27720 ይሆናል። ከዚያው ከቅልጥሙ ላይ ቁራጭ አንሸራቶ በመሸፈን ከሆነ 27722፣ ከታካሚው ዳሌ ወይም ከሌላ አካሉ በተወሰደ አጥንት ከሆነ 27724፣ ከጎኑ ካለችው ቀጭን አጥንት ከፊቡላ ጋር በማጣመር ከሆነ 27725 ነው። መዝገቡ ትኩሱንና የቆየውን በአንድ ቁጥር ያልጠቀለለው የሐኪሙ ሥራ በእርግጥ ስለሚለያይ ነው።

ጸሐፊው ሳይጠቅሱት የቀሩ፣ ለክርክራቸው ግን የሚጠቅም ነገር አለ። ሜዲኬር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መድን ሕግ ለከባድ ኦፕሬሽን የሚከፈለው ገንዘብ ከኦፕሬሽኑ ዋዜማ ጀምሮ እስከ 90 ቀን ድረስ ያለውን የሐኪሙን መደበኛ ክትትል ያጠቃልላል። ስፌት ማውጣት፣ ቁስል ማየት፣ የቀጠሮ ምርመራ ሁሉ በዚያው ክፍያ ውስጥ ናቸው፤ ለየብቻ አይጠየቅባቸውም። የድሮውን ብረት ማውጣትም እንዲሁ ነው። ለብቻው ሲሠራ 20680 የሚባል ቁጥር አለው፤ ያልገጠመውን አጥንት ለመጠገን የግድ መውጣት ካለበት ግን የጥገናው አካል ስለሆነ ሌላ ክፍያ አይጠየቅበትም። በእኛ አገር ታካሚው ለካርድ ለብቻ፣ ለቁስል ማጠቢያ ለብቻ፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ለብቻ ይከፍላል። ጸሐፊው ይህንን አንስተው ቢሆን ከጎናቸው እቆም ነበር። የቅሬታቸው እውነተኛ መነሻ እዚህ ሳለ ዳግም ኦፕሬሽኑን ራሱን ዝርፊያ ማለታቸው ቀስታቸውን ወደማይገባው አነጣጥሮባቸዋል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ያልገጠመና ተጣሞ የገጠመ አንድ ናቸው ማለት ሕክምናውን ካለማወቅ የመጣ ነው። ያልገጠመ ቅልጥም ሁለት አጥንት ሆኖ የቀረ ነው፤ ሰውዬው ሲረግጥ መሀሉ ይነቃነቃል፣ ያመዋል፣ ያለ ክራንች አይሄድም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚጠቀምበት መለኪያ ከጉዳቱ ቢያንስ 9 ወር አልፎ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት በራጅ ምንም የመጠገን ለውጥ ያልታየበትን ነው። ተጣሞ የገጠመው ግን ገጥሟል። አንድ አጥንት ሆኗል፤ ዘንቧል ወይም ዞሯል ወይም አጥሯል እንጂ። እንዲህ ያለው ሰው ይሄዳል፤ ግን የሰውነቱ ክብደት በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለቦታው ስለሚያርፍ ዓመታት ባለፉ ቁጥር መገጣጠሚያዎቹ ይጎዳሉ። ያልገጠመውን ሐኪሙ እንዲገጥም ያደርገዋል። ተጣሞ የገጠመውን ደግሞ ቆርጦ እንደገና ያስተካክለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ አይሲዲ-10፣ ተጣሞ የገጠመውን ኤም 84.0፣ ያልገጠመውን ኤም 84.1፣ ለመግጠም የዘገየውን ደግሞ ኤም 84.2 ብሎ ለየብቻ ያስቀመጣቸው ለዚህ ነው።

ያልገጠመው ራሱ ሁለት መልክ አለው፤ ይህን ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ ስለ ዳሌው አጥንት የጻፉትን አይጽፉትም ነበር ብዬ አምናለሁ። አንዳንዱ በራጅ ሲታይ ጫፎቹ ሰፍተው ይገኛሉ፤ ሐኪሞች የዝሆን እግር ይሉታል። ደም አለው፣ ሕይወት አለው፣ ያጣው የሚያጸናውን ነው። ጠንካራ ብረት አግኝቶ ከተጠበቀ ተጨማሪ አጥንት ሳያስፈልገው ይገጥማል። ሌላው ጫፎቹ ቀጥነውና ደርቀው ይታያሉ። ይኼኛው ብረት ብቻ ቢያስሩበት ብረቱ አንድ ቀን ይሰበራል እንጂ አጥንቱ አይገጥምም፤ ሕይወት ያለው አጥንት ከሌላ ቦታ መጥቶለት ነው የሚነሳው። 27720ን ከ27724 የሚለየው በራጁ ላይ የሚታየው ይኼ ልዩነት ነው። ሂሳብ ክፍል ገና ስለታካሚው ሳይሰማ አጥንቱ ራሱ ለይቶታል።

የዳሌው አጥንት ክፍያ ላይ መልሴ አጭር ነው። ጸሐፊው በግማሹ ልክ ናቸው። 27724 ከዳሌ አጥንቱን ማውጣቱንም እንደሚያጠቃልል በቁጥሩ ገለጻ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ እዚያ አገር አንድ ሆስፒታል 27724ን ጠይቆ በላዩ ላይ አጥንት ስለማውጣት ሌላ ቁጥር ቢደርብ ክፍያው ይመለስበታል። በእኛም ደረሰኝ ላይ ሁለት መስመር ካለ የመጀመሪያው መስመር ዋጋ ሲወሰን የዳሌውን ሥራ አካቶ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ የታካሚውም የመድኑም መብት ነው። ነገር ግን ሥራው የለም ማለት አይቻልም። ሁለተኛ ቁስል አለ፣ ሁለተኛ ስፌት አለ፣ ብዙ ታካሚዎች ከእግራቸው ይልቅ ዳሌያችን ነው ያመመን የሚሉበት ሕመም አለ። በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ዋጋው ግን ይህን ሥራ የያዘ ይሁን።

ኮድ የአሜሪካ ቅንጦት ነው የሚለው ሁለት ነገር አደባልቋል። ሲፒቲ የአሜሪካኖች ንብረት ነው፤ በባሕር ዳር ደረሰኝ ላይ እንዲሰፍር የሚጠይቅ ሕግ የለንም፣ እኔም አልጠይቅም። ከላይ የጠቀስኩት ሥራውን እንዴት እንደሚከፋፍሉት ለማሳየት ነው። አይሲዲ ግን የአሜሪካ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ነው፤ የእኛም የጤና ሪፖርት ከእሱ በተወሰደ የበሽታ ዝርዝር ላይ የቆመ ነው። አሜሪካኖች እንኳ የራሳቸውን ዝርዝር ቅጂ፣ አይሲዲ-10-ሲኤምን፣ በሥራ ላይ ያዋሉት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ ከሪፖርትም ያለፈ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአራት ክልሎች ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ከጣና ዳር ያለው ፎገራ ነበር፤ ደቡብ አቸፈርም ከእነዚያው ነው። የዚህ አካባቢ ገበሬ መዋጮ ከፍሎ መታወቂያ መያዝ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆስፒታሉ ለአባሉ የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ ለመድኑ ይልካል፤ መድኑ መርምሮ ይከፍላል። መርማሪው ታካሚውን አያየውም። የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ሥራ ለመርማሪው እንዳልተሠራ ነው፤ ያለስሙ የተጻፈ ሥራ ደግሞ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል።

በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ ላይ ያልገጠመ ቅልጥም የሚል ከሌለ፣ ለዚህ የሚሆን ዘንግ፣ ከውጭ በቀለበት የሚታሰር ብረት፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይጨመር ብሎ በጀት የሚጠይቅ ሐኪም በእጁ ምን ይዞ ይከራከራል? የባሕር ዳር ሆስፒታሎቹ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ከዙሪያቸው ወረዳዎች በሪፈር የሚመጣውን ሰው ይቀበላሉ። ከየትኛው አቅጣጫ የተበላሸ ስብራት እንደሚበዛ የሚያሳየው መዝገቡ ነው። ከአንድ አካባቢ ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ጀሶ፣ አንቲባዮቲክና በጊዜ ሪፈር የመጻፍ ሥልጠና ያስፈልገዋል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚሠራው።

ከሁሉም ያሳዘነኝ ስለ ወጌሻ የተጻፈው ነው።

ጸሐፊው ሰው ወጌሻ ጋ የሚሄደው ከስንፍና ወይም ካለማወቅ ነው ብለው ያስባሉ። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ማንጎ ላይ ወድቆ ቅልጥሙ የተሰበረ ሰው ያለበትን ያስቡት። ሆስፒታሉ ከሐይቁ ማዶ ነው። ጀልባ ይፈለጋል፣ ተሸካሚ ይፈለጋል፣ ከተማ የሚያሳድር ዘመድ ይፈለጋል። ወጌሻው ግን ጎረቤት ነው፤ የአባቱን ክንድ ያሸው እሱ ነው፣ የበሬውንም እግር ያሰረው እሱ ነው። ሆስፒታል ከገባህ ይቆርጡሃል የሚል ፍርሃት አለ፤ ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። ቀርከሃው በጣም ጠብቆ ታስሮ ደም የተከለከለ እግር ሆስፒታል ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከመቆረጥ ሌላ ምርጫ አይኖረውም። መንደሩ የሚያየው ሄዶ ተቆርጦ መመለሱን ነው፤ ሲሄድ እግሩ ጠቁሮ እንደነበር አያስታውስም። በሌላ በኩል ቆዳው ያልተቀደደ፣ ቦታውን ያልለቀቀ ስብራት ወጌሻ አስሮት የገጠመለት ብዙ ሰው አለ። ይህን መካድ ከገበሬው ጋር መነጋገሪያ ቋንቋ ያሳጣናል።

እንዲህ ያለው ሰው በመጨረሻ ተሸንፎ ሲመጣ ራስህ ቻለው ይባል የሚለው ሐሳብ ከመድን ትርጉም ውጭ ነው። መዋጮውን የከፈለው ሲታመም እንዲታከም ነው። የት ሄዶ እንደነበር ተመርምሮ ይቀጣል የሚል ነገር መዋጮ ሲሰበሰብ አልተነገረውም። የሪፈር ሥርዓቱን ተከትሎ ከመጣ መብቱ ሙሉ ነው።

የአሜሪካኖቹ የኮድ መመሪያ እንኳ ለዚህ ሰው ቦታ አለው። በአይሲዲ-10-ሲኤም የቅልጥም ስብራት ቁጥር መጨረሻ ላይ ሰባተኛ ሆኖ የሚቀመጥ ፊደል አለ፤ ያ ፊደል ታካሚው ከስብራቱ ታሪክ የት ላይ እንዳለ ይናገራል። ለቆዳው ያልተቀደደ ስብራት ኤ ማለት ዋናው ሕክምና በመሰጠት ላይ ነው፣ ዲ ማለት በመደበኛ ሁኔታ እየጠገነ ለክትትል መጥቷል። ኬ ማለት ሕክምና ተደርጎለት ያልገጠመ ነው፤ ፒ ማለት ተጣሞ የገጠመ። ስብራቱ ቆዳ የበጠሰ ከነበረ ደግሞ ጉስቲሎና አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት የክፍት ስብራት ደረጃ መሠረት ላልገጠመው ኤም ወይም ኤን፣ ተጣሞ ለገጠመው ኪው ወይም አር ይሆናል። አሁን ወጌሻ ጋ ቆይቶ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል የመጣውን ሰው ውሰዱ። ብዙ ጀማሪ ኮደር፣ ማለትም ኮድ የሚሰጥ ሠራተኛ፣ አጥንቱ አልገጠመም ብሎ ቶሎ ኬ ይጽፍለታል። መመሪያው ግን ለስብራቱ ወይም ላልገጠመው አጥንት ሕክምና ለመፈለግ የዘገየ ሰው የመጀመሪያው ሕክምና ፊደል ይሰጠው ይላል። ማለትም ኤ፤ ክፍት ስብራት ከሆነ ቢ ወይም ሲ። ፊደሉ የሚጠይቀው ሕክምና መቼ እንደጀመረ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ፊደል በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ቅጣት ሌላም መዘዝ አለው። ወጌሻ ጋ የሄደ አይከፈልለትም ከተባለ ሰው ይደብቃል። ሐኪሙ ታሽተሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው አልታሸሁም ይላል። ስንት ጊዜ እንደታሸ፣ ቆዳው ላይ ምን እንደተቀባ፣ ተበስቶ እንደሆነ፣ ቁስሉ መግል አውጥቶ እንደደረቀ አይናገርም። ሐኪሙ ንጹሕ አጥንት መስሎት ዘንግ ያስገባል፤ ተደብቆ የቆየው መግል በዘንጉ ርዝመት ሁሉ ይሄዳል። በጸሐፊው ደንብ ከሄድን ለመድኑ አንድ ኦፕሬሽን ለማዳን ብለን ሦስት ኦፕሬሽን እንጠራለን፤ ለሰውዬውም ምናልባት እግሩን ማጣት።

አሁን ወደ መፍትሔያቸው፣ «የእግር ስብራት» ብሎ ወደ መጨረስ ልምጣ። ይህን አሠራር አንድ ሆስፒታል ውስጥ አይቼዋለሁ። ከሐይቁ ዳር ወረዳ የመጣ የመድን አባል ቀኝ ቅልጥሙ ባለፈው ዓመት በዘንግ ታስሮለት ነበር። ዘንጉ ተሰብሮ፣ አጥንቱ ሳይገጥም ተመልሶ መጣ፤ ከዳሌው አጥንት ተወስዶ እንደገና ተሠራለት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን የቀኝ እግር ስብራት፣ ኦፕሬሽን ተደርጓል የሚል ብቻ ነበር። መርማሪው ያለፈውን ዓመት ጥያቄ አውጥቶ ሲያነጻጽር ያው ሰው፣ ያው እግር፣ ያው ሕመም፣ ያው ሥራ ሆኖ አገኘው። ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ነው ብሎ አቆመው። እኔ በመርማሪው ቦታ ብሆን እኔም አቆመው ነበር። ወረቀቱ እስኪታረም የተንከራተተው አስታማሚው ነው፤ ከወረዳ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ወረዳ። ሐኪሙ ያልገጠመ የቀኝ ቅልጥም፣ የታችኛው ሲሶ፣ የቀድሞው ዘንግ ተሰብሮ ወጥቷል፣ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ ተደርጎበታል፣ መግል አልተገኘም ብሎ ሲጽፍ ጥያቄው ያለ ተጨማሪ ክርክር አለፈ። ጸሐፊው ዝርፊያ ያሉት ዝርዝር ነው ለሰውዬው መብቱን ያስከበረለት።

ይህ ብቻ አይደለም። ጉዳቱ የመንገድ አደጋ ከነበረ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ሕጉ ያዛል። የተጎዳው ሰው ያንን ለመጠየቅ የሚይዘው የፖሊስ ማስረጃና የሆስፒታል ወረቀት ነው። የዳግም ኦፕሬሽኑ ወረቀት አዲስ ስብራት ብሎ በዛሬ ቀን ከተጻፈ ከአደጋው ጋር ያለው ሰንሰለት ይበጠሳል። ጠበቃው ይህ ያኔ የተሰበረው እግር ነው ብሎ ቢከራከር የገዛ ወረቀቱ ይመሰክርበታል።

ስለዚህ በጸሐፊው መፍትሔ ምትክ እኔ የምጠይቀው ከኦፕሬሽን ክፍል የሚወጣው ማስታወሻ የተሟላ እንዲሆን ነው። የትኛው እግር፣ የትኛው የአጥንቱ ክፍል፤ መጀመሪያ የተሰበረበት ቀንና ምክንያት፤ ያኔ ቆዳው ተቀዶ ነበር ወይስ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የት ምን ተደርጎለት ነበር፣ ወጌሻም ከሆነ ያለ ወቀሳ ይጻፍ። ሲከፈት የተገኘው ምንድን ነው፤ ጫፎቹ ሕያው ናቸው ወይስ የሞቱ፣ መግል አለ ወይስ የለም። ምን ወጣ፣ ምን ገባ፣ አጥንት ከተጨመረ ከየት መጣ። ሥራው በሁለት ዙር የታቀደ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። መግል ያለበት ቅልጥም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይጸዳል፣ አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ በክፍተቱ ይቀመጣል፣ ከሳምንታት በኋላ ሲሚንቶው ወጥቶ አጥንት ይገባበታል። አሜሪካኖች አስቀድሞ የታቀደውን ሁለተኛ ዙር 58 በሚል ምልክት፣ ባልታሰበ ችግር ወደ ኦፕሬሽን ክፍል መመለስን ደግሞ 78 በሚል ምልክት ይለዩታል። እኛ ምልክቱ ባይኖረንም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃናል፦ ይህ ታካሚ ለሁለተኛ ዙር ይመለሳል።

የመጨረሻው ጉዳይ ብረቱ ነው፤ ጸሐፊው በአንድ መስመር ብቻ ነክተውት አልፈዋል፤ እኔ ግን የታካሚው ኪስ ዋናው ቀዳዳ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆስፒታሉ ሳህን ወይም ዘንግ ሲያጣ ታካሚው ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ይነገረዋል። ያ ግዢ በሆስፒታሉ የክፍያ ጥያቄ ውስጥ ስለማይገባ መድን ያለው ሰው እንኳ ከኪሱ ይከፍለዋል። በሌላ በኩል በነጻ የሚመጣ ብረት አለ። ሳይን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተመሠረተው ድርጅት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ራጅ ሳያስፈልግ የሚገባ ዘንግ ሠርቶ አቅም ለሌላቸው አገሮች ሆስፒታሎች በእርዳታ ይሰጣል፤ በአገራችንም በተለያዩ ሆስፒታሎች ይሠራበታል። በእርዳታ የመጣ ዘንግ ለገባለት ሰው የዘንግ ዋጋ ማስከፈል አይገባም፤ የኦፕሬሽኑ ሥራ ግን ይከፈልበታል። ስለዚህ ማስታወሻው ላይ የብረቱ ዓይነትና ከየት እንደመጣ፣ ማለትም ከሆስፒታሉ መጋዘን፣ ከታካሚው ግዢ ወይም ከእርዳታ መሆኑ ይጻፍ፤ ታካሚው ገዝቶት ከሆነ ደረሰኙ ከካርዱ ጋር ይያያዝና ቅጂው ለወረዳው መድን ይድረስ። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን እነዚህን ደረሰኞች ሰብስበው ቢጽፉት እኔም ያለኝን ልምድ ይዤ አግዛቸዋለሁ።